እጅሽን ሰብስቢ

የሴት ፈታሽ ነኝ እኔ፣ ድሬዳዋ ኤርፖርት፤
ከብብት ጀምሬ እስከ ቁርጭምጭሚት፣
እጄ ይወርዳል ይወጣል፣ አፌ «ይቅርታ» ይላል፤
ጓንቱ በላብ ርሶ ከጣቴ ይጣበቃል።
ሥራ ነው።
አንድ ቀን ካንዲት ቀሚስ ሥር ጩቤ አግኝቻለሁ፤
«በከንቱ ትለፊያለሽ» ሲሉኝ ሰምቼ አልፋለሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጣሪያው ሲንጣጣ፣
አዴ ሸምሲያ መጡ ከቀፊራ በባጃጅ፣
ባንድ እጅ ከዘራ፣ ባንድ እጅ የኩላሊት ራጅ።
ማሽኑ ጢጥ አለ።
አምባር የለ፣ ቀለበት የለ።
ተመልሰው ገቡ፤ ጢጥ፣ ደግሞ ጮኸ።

«እማማ፣ እጅዎን ይዘርጉ፣ አንዴ ልፈትሽዎት።»
«እጅሽን ሰብስቢ» አሉኝ
ሳይቆጡ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው።
«ደንብ ነው እማማ፣ ለእርስዎም ደኅንነት።»
(ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤
አንቱታው ዛሬም ከምላሴ አልወረደም።)

«አንቱ አትበይኝ፤ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤
አንቱ እያልሽ ከምትዳብሺኝ
አንቺ በይና ተዪኝ።
ውስጤን ማየት ከሆነ፣ ይኸው ራጄ፣ እንኪ፤
ጠጠሩን ቁጠሪው፤ ቆዳዬን አትንኪ።»

ኃላፊው ደምመላሽ መጣ፣ ሬዲዮው እያንቋረረ፤
«መጋረጃ አለ እማማ፣ ማንም አያይዎትም።»
«ነውር ካልሆነ ታዲያ መጋረጃው ለምን?»
እሱ ሬዲዮውን አየ፤ እኔ ወለሉን።
ከኋላ አንድ ነጋዴ «በረራው ሊያመልጠን!» አለ፤
ወረፋው አጉረመረመ፤ ሕፃን አለቀሰ።

ያኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣
የጨው ዋጋ እንደሚነግሩኝ ያህል ቀለል አድርገው፦
«በባቡሩ ጊዜ፣ ደወሌ ኬላ ላይ፣
ሰባት ዙር ናይለን ነበረ ከገላዬ ላይ።
ፊናንሱ ባትሪ ይዞ ፉርጎው ውስጥ ገባ፤
ጨርቁን ፈለገ፣ አገኘ፣ ተርትሮ ቀማኝ፤
ጨርቁ ካለቀ በኋላም እጁ ግን አልተወኝ።
አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።
ከዚያ ወዲያ ማንም ሳልፈቅድ አልነካኝ፤
ሐኪሙም ቢሆን ጠይቆ ነው የነካኝ።»

«እኔም እየጠየቅኩ ነው» አልኩ።
«አልፈቅድም ካልኩሽ አውሮፕላኑ ይሄዳል።
ይሄ ጥያቄ ይባላል?»

በሩ ተዘጋ።
አውሮፕላኑ አቧራውን ገፍቶ ተነሣ።
አዴ ሸምሲያ ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ፤
ራጁን ከሳጥኑ አነሡ፣ ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፣
እንዳልጎደለ ሊያረጋግጡ ይመስል።
«በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»
«አዋሽ ላይም ይፈትሻሉ፣ እማማ።»
«አዋሽን አዋሽ ስደርስ።»

ማታ ስወጣ፣ በሠራተኛ በር፣
ባልደረባዬ ውዴነሽ ቆማለች፣ ጓንት አጥልቃ፤
እጄን እንድዘረጋ ባገጯ ጠቆመች፣
የባሏን ወሬ እያወራችልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው እየሳቀች።
አራት ዓመት ሙሉ ሳላስብ ዘርግቻለሁ።
ዛሬ ክንዴ ከወገቤ አልላቀቅ አለ።
«ምነው?» አለችኝ።
«ምንም» አልኳት።
ዘረጋሁ።