የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ

ድሮ የጎማ ሱቅ ነበር፤ ዛሬም ሙቀት ሲበረታ
ግድግዳው ጎማ ጎማ ይሸታል፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
ያኪማ ሸለቆ፣ የፖም አገር፣ ከባቡር ሐዲዱ ተጠግቶ
ሁለት ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ እንደ ሽማግሌ የሚያስል ማተሚያ፤
የሦስት ከተማ መጤ ደብዳቤውን የሚያስፈታው እዚያ ነው፣
በሩን በክርኑ ገፍቶ።

ኔሬይዳ ከቅጹ ጋር ብቻዋን አምሽታለች፤
ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።
ሰባተኛው ጥያቄ፦ «ድርጅቱ ምን አቅም አለው? ምንስ ይጎድለዋል?
በሁለት መቶ ቃል።»
ሁለት መቶ አንደኛው ላይ ሳጥኑ ይቀላል።

ገንዘቡ ለምግብ አይሆንም፤ ለኪራይም፣ ለጠበቃም አይሆንም፤
ለአቅም ግንባታ ብቻ ነው።
አቅም ምን በልቶ እንደሚያድር ግን መመሪያው አይናገርም።

«ያለን አቅም» ብላ ጻፈች። አጠፋችው።
ዶኛ ሬፉሂዮ ትዝ አለቻት፣ ስሟ በቋንቋቸው መጠጊያ ማለት የሆነው፤
አሥራ አንድ ዓመት፣ ከፖም ማሸጊያው ፈረቃ በኋላ፣ ያለ ሰባራ ሳንቲም
ስልክ ያነሣችው እሷ ናት፤ ጣቷ በብርድ ደርቆ እንኳ አንድ ቀን አልቀረችም።
ትንፋሽ ትለያለች። «አሎ» ሳይባል ታውቃለች
ባሏ የተያዘባትን፣ ደሞዟ የተበላባትን፣
ደውላ ዝም የምትለዋን።
ዝርዝሩ ሁሉ በራሷ ውስጥ ነው፤ ወረቀት ላይ አልሰፈረ።

«የመረጃ ሥርዓታችሁን ግለጹ» ይላል የቀጣዩ ረድፍ።
ምን ብላ ትጻፍ?
መረጃችን አረጀች፤
ባለፈው ወር ደረጃ ላይ ወደቀች።

ለስድስት ሃያ ጉዳይ ስልኩ ጮኸ።
ከላም እርባታ የደወለ ሰው፣ በሹክሹክታ፤ ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፣
የሆስፒታሉ አስተርጓሚ በስፓኒሽ ይጠይቃታል፣
እሷ የምታውቀው የተራራዋን ሚስቴኮ ነው፤ ስፓኒሹም ባዕድ ሆኖባታል።
ኔሬይዳ ሴሌዶንዮን ቀሰቀሰችው፤ የጫማውን ክር ሳያስር ወጣ፤
አንድ መብራት ብቻ በሚበራ መኪና፣
ባንድ ዓይን ጨለማውን ሰንጥቆ።

አራት ደቂቃ ሲቀራት ጻፈች፦
«አቅማችን እኩለ ሌሊት የሚነሣ አንድ ሰው ነው።
የሚጎድለን፣ እሱ ሲታመም የሚነሣ ሌላ ሰው ነው።»
ሃያ ቃል አልሞላም። ላከችው።

ይህን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ ነጥብ ሰጪው እኔ ነበርኩ።
ሲያትል፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ዘጠና ሁለት ማመልከቻ ከፊቴ ተከምሮ፤
ለሰባተኛው ከአምስት ሁለት ሰጠሁ፣
«መለኪያ የለውም» ብዬ በቀይ ጻፍኩ።
አልዋሸሁም፤ የለውም።
ሌሎቹ ዳኞች ናቸው ያነሡት፤ በእኔ ቢሆን ወድቆ ቀርቷል።
የሌሊቱን ነገር ኔሬይዳ የነገረችኝ ኋላ ነው።
ልጁ በሰላም ተወልዷል፤
ያንን የሚጠይቅ ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ፣ ፖሙ ሲያብብ፣ ልጎበኝ ሄድኩ።
አማካሪው ባለቀለም ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤
ጎማ የጠገበ ግድግዳ ሙጫ አይቀበልም፣
ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ግብ፣ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ይረግፋል።
ቁምሳጥኑ ግን ቁልፍ ገብቶለታል፣ የሰው ስም እንዳይወጣ፤
ከሴሌዶንዮም ጎን አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፣
ማስተርጎም ልትማር የመጣች፣ የመኪና ቁልፍ በእጇ።

ዶኛ ሬፉሂዮ የመጀመሪያ ቼኳን ይዛለች።
ገለበጠችው፤ ጀርባውን አየች፣ ሌላ ነገር ተጽፎ እንደ ሆነ።
«ይሄ ደሞዝ ከተባለ» አለች፣
«የአሥራ አንዱ ዓመት ስሙ ማን ነበር?»
ኔሬይዳ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ግድግዳው።
አንድ ቢጫ ወረቀት ወደቀ።

ስልኩ ጮኸ።
ቼኩን ከስኳር ዕቃው ሥር ወሸቀችና አነሣችው፤
ጣቷን ወደ እኛ ቀሰረች፣ ዝም በሉ ማለቷ ነው፣
ትንፋሹን ልታዳምጥ።