ጋት

በቫልፓራይሶ ዳገት፣ ቆርቆሮ ቤት ከቆርቆሮ በተደጋገፈበት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆየሁ፣ ሁለት ፉርጎ ባንድ ገመድ በማንቀሳቅስበት።
አንዱ ሽቅብ ሲወጣ፣ አንዱ ቁልቁል ይወርዳል፤
መሐል ላይ ሲተላለፉ፣ የማይተዋወቅ ሰው ሰላም ይባባላል።
«ሞተሩ ስንት ጉልበት አለው?» ይለኝ ነበር እንግዳ፤
«ትንሽ ነው» እላለሁ፣ «ወራጁ ነው የሚከፍለው የወጪውን ዕዳ።»

በመጀመሪያው ዝናብ ማለዳ
ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል፣
ግራ እጄ ክሩን ሳይዝ ቀረ።
እንደ እርጥብ ፎጣ ከጉልበቴ ላይ ተንጠለጠለ፤
እንደማያውቀኝ ሰው ዝም አለ።
ኦርፌሊና «ምን ሆነሃል?» ብትለኝ፣
«ግራ ገባኝ» አልኳት፤
ከዚያ በላይ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ሐኪሙ በፎቶው ላይ፣ ከአንጎሌ በቀኝ በኩል፣
የምስር ፍሬ የምታህል ጥላ አሳየኝ።
ምስር!
ሰባ ኪሎ ከረጢት ያነሣ ክንድ
ለምስር ብሎ ማንኪያ ይቸግረው?
«ጡንቻው አለ» አለኝ፣ «ትእዛዙ ነው ያልደረሰው።»
ይህንስ አውቀዋለሁ፤ የታች ጣቢያው ደወል የተበላሸ ቀን
ገመዱ ደህና፣ ሞተሩ ደህና፣
ተሳፋሪው ተቀምጦ፣ ፉርጎው ግን ቆሞ ይቀራል።
ክንድ ምን ያህል እንደሚከብድ
ሰው የሚያውቀው ተሸካሚው ሲጠፋ ነው።

ማክሰኞና ዓርብ ያስና ትመጣለች፣
ከቦርሳዋ መጭመቂያውን አውጥታ «ጭመቅ» ትለኛለች።
ቀኜ ሠላሳ ስምንት፤ ግራዬ ሁለት።
ሁለት ኪሎ። ሽንኩርት።

እኔም ባለሙያ ነኝ አልኩና ሌሊቱን ሳሰላ አደርኩ፤
ከበሩ ጉበን መዘውር፣ ከመዘውሩ ገመድ ሰቀልኩ።
ቀኜን ቁልቁል ስስበው፣ ግራዬ ሽቅብ ወጣ!
ከትከሻ በላይ፣ ከጆሮ በላይ ወጣ!
ኦርፌሊናን ጠራኋት፤ አጨበጨበች፣
በሁለት እጆቿ።
ያን ሌሊት ትከሻዬ ፍም ጎርሶ አደረ።

ዓርብ ያስና አየችው። አልተቆጣችም።
ወንበር ላይ ወጥታ ፈታችው፤ ገመዱን ጠቅልላ ሰጠችኝ።
«ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ይህ ክንድ ጭነት አይደለም፤
ተጎትቶ ወጣ እንጂ፣ እሱ ራሱ አልወጣም።
ትከሻህም ይጎዳል።
ወራጅ የሚከፍልለት ወጪ፣ ዳገቱን መቼ ይማራል?»

ከጠረጴዛው ላይ ፎጣ ዘርግታ መዳፌን አኖረችበት።
«ግፋ። በደረትህ አትስረቅ።»
ሰረቅሁ። መለሰችኝ።
ደግሜ ሰረቅሁ። ደግማ መለሰችኝ።
የመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ጣት፤
ከዚያ ሁለት፤ ከዚያም በብዙ ላብ፣ ጋት።
አባቴ ወደብ ላይ ገመድ ሲሸጥ በክንዱ ይለካ ነበር፤
እኔ ክንዴን በጣት እለካለሁ፣ በጠመኔ ጭረት፣ ከጠረጴዛው ዳር።

ሰማያዊው የጨው ዕቃ ከፊቴ ቆሟል፤
ትናንት ነካሁት ማለት ይቻላል።
ዛሬ ጠዋት ግን በላስቲክ ጨርቁ ላይ
የግርጌውን ክብ ምልክት ለብቻው አየሁት፤
ዕቃው ሁለት ጣት ወዲያ ሸሽቷል።
ኦርፌሊና ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንች ትልጣለች፣
ለሁለት ሰው የማያስፈልግ ብዙ ድንች።

እኔም አላየሁም።
ፎጣውን አቃናሁ፣
ግራዬን በቀኜ አንሥቼ ከላዩ አኖርኩና
ደወሉን ጠበቅሁ።