ሁለት ፉጨት

ስታቫንገር ላይ ነው፣ ዝናብ በማይሰንፍበት፤
ቶርቦርግ ሠላሳ ዓመት ሰርዲን ባሸገችበት
ሰፈር ውስጥ አላት አንድ መስኮት፣ አንድ ቤት።
የጣሳ መግጠሚያው፣ ያ የብረት መንጋጋ፣
ፋብሪካው ተዘግቶ ጩኸቱ መች ተዘጋ፤
ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ በልቶ ጨርሶባት
«ስ» እና «ፍ» እና «ት» አንድ ንፋስ ሆኑባት።

አሁን ባቄላ የምታህል መሣሪያ
ከጆሮዋ ጀርባ አግኝታለች ማደሪያ፤
ሲጠጓት አትወድም። የልጅ ልጅ፣ ሱኒቫ፣ ስታቅፋት
«ፊይይይ!» ያዙኝ ልቀቁኝ ባይ ናት።
ካፏ ያመለጠ ድምፅ በጆሮዋ ገብቶ፣
እንደ ሐሜት ዞሮ፣ እንደ ሐሜት ፋፍቶ፣
እንደገና ይወጣል ጎረቤት አስነሥቶ።
ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ስቃ ስትሸሻት
«ምነው?» ትላለች ቶርቦርግ፤ ፉጨቱ አልደረሳት።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል
እንዲህ ቃል በቃል ነው ብሎ ማን ያስባል!

ኢንግቪል፣ ባለሙያዋ፣ ሰሙን ጠርጋ አውጥታ፣
ማቀፊያውን በልኳ አሠርታ፣ ክፍተቱን ዘግታ፣
ከኮምፒውተሩ ፊት ጫጫታን አለዘበች፣ ፉጨትን አነቀች፤
«አሁንስ፣ ቶርቦርግ?» ብላ በቀስታ ጠየቀች።

ተአምር ነው! የአውቶቡሱ ጎማ ተለጎመ፤
ፍሪጁ እንደ ሰው ታርሞ አፉን ይዞ ቆመ።
ዝናቡም፣ ያ ዝናብ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያወራ፣
ከመስታወቱ ማዶ በምልክት ተጣራ።
«ስ» ከነጅራቷ፣ «ፍ» ከነእስትንፋሷ
ስንት ዓመት ጠፍተው መጡ ወደ እሷ።

ሐሙስ አመሻሽ ግን፦
አስላክ፣ ባሏ፣ የጀልባ ሰው፣ ቃል የሚቆጥብ፣
ሃምሳ ዓመት ዳገቱን ሲወጣ ከወደብ
በፉጨት ነው «መጣሁ» የሚላት፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፤
ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ድንች፤ ሌላ የለም ንግግር።
መሣሪያዋ ሰማች። የራሷ ጥፋት መስሏት
ሳይገባ ከደጁ አንቃ አስቀረችባት።
የሰውዬው ጥሪ መሐል ላይ ተንቀጥቅጦ
እንደ ሰመጠ ሰው ቀረ፣ በአረፋ ተውጦ።
በማንኪያ ድስት መትታ ትመልስለት ነበር፤
ያን ዕለት ድንች ስትልጥ፣ ጀርባዋ እንደ ዝግ በር።
አስላክ ጫማውን ሳያወልቅ
ብዙ ቆመ።

ሰኞ ተመለሰች።
«አንዱን መልሺልኝ።»
«የቱን?»
«ፉጨቱን።»
ኢንግቪል ሳቀች። «ሰው ሁሉ አጥፊልኝ ይላል!»
«የኔ ግን ከወደብ፣ በእግሩ ይመጣል።»
ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንድ ቁልፍ አበጀችላት፣
ለአመሻሽ ብቻ የሚሆን፤
ዝናቡንም ጥቂት በዚያው አስገባችላት።

እና አሁን ሱኒቫ መጥታ ስትጠመጠምባት
ያቺ ባቄላ አንዳንዴ፣ ትንሽ፣ «ፊይ!» ያመልጣታል፤
አስላክ ከጓዳ ሆኖ፣ ማንም ሳይጠራው፣
«አቤት?» ይላል።