ወራጅ አለ

«ልዩ ተሰጥኦ! ሁለት ሰው የቀረው!»
ከቱሉ ዲምቱ አፋፍ ጧት ጧት የምጠራው
የትምህርት ቤቱ ስም ፌርማታ ሆነና፣
ያላስገባኝ በር ላይ ሰው አራግፋለሁ፣ በኮረኮንቹ ጎዳና።

በጥበቃው መስኮት ዝርዝሯ ተለጥፋ ወጣች፤
ሠላሳ ስም፤ እኔ ሠላሳ አንደኛ፣ ከመስመሩ በታች።
«አንድ ልጅ ከቀረ እንደውላለን» አሉ፤
ማን ይቀራል ደግሞ! ሁሉም ገብተው ዋሉ።
ስልኩ እስኪደወል ብዬ ያዝኩት ይህን ሥራ፤
ይኸው አራት ዓመት፣ በር ላይ ተንጠላጥዬ ስጣራ።

ዛሬ ለሊሴ ገባች፤ ስምንተኛ «ለ» አብራኝ የተማረች፣
ደብተር ጉልበቷ ላይ፣ ቁጥር በከንፈሯ እያላመጠች።
አላወቀችኝም።

አሥራ አራት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ታሪፍ፤
ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀይር መልሱን አከፋፍዬ ጨረስኩ፤
እሷ ጋ ስደርስ ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አለፍኩ።

«ወራጅ አለ!» ወረደች። ብሯን በመስኮት ዘርግታ፦
«ረዳት! ሒሳብ ተሳስተሃል፤ የእኔን አልተቀበልክም!»
«ሳበው!» ብዬ በሩን መታሁ፤
መልስ አልሰጠኋትም።

ማታ ሾፌሩ ቆጠረ፣ ሁለቴ፣ ጣቱን እየላሰ፤
«ምን ነካህ አንተ ልጅ?» አለኝ፤ «በአንድ ሰው አነሰ።»