ወደ ቀኝ የምትስበው ቮልስ

ለእንጀራዬ ብዬ የሰው መኪና እነዳለሁ፤
ፈትሼ፣ አድምጬ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክባለሁ።
ትናንት አንዷን፣ ነዳጅ የማታውቅ፣ የወንበሯ ላስቲክ ያልተቀደደ፣
ከፍራንኮ አስነስቼ ፈጣን መንገዱ ጫፍ ድረስ ነዳኋት፤ አስፋልቱ ሳይሰማኝ ከሥሬ ሄደ።
እንደ ሊፍት ነበረች። ወጣሁ። ወረድኩ። በቃ።
እጄ ሥራ ፈታ፣ እግሬ ተኛ፣ ጆሮዬ አልነቃ።
ባለቤቷ «እንዴት ናት?» አለ፤ «ምንም እንከን የላት» አልኩት።
እውነቴን ነው። የጎደለኝን ግን ስም አጣሁለት፤ ዋጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ቦኩን ሳትሻገር፣
ጋሽ ገመዳ ደጅ እደርሳለሁ፤ ሸራዋን ገልጬ ቮልሷን ላናግር።
ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤
መሪው የኔ ሆኗል፤ የሱ ድርሻ ጋቢናው።
በሯ ሁለቴ ካልተመታ አይዘጋም፤
የነዳጅ ጌጇ ከሞተ ቆየ፤ በሸምበቆ እንለካለን፤ ሸምበቆው ዋሽቶ አያውቅም።
ራዲያተር የላትም፤ ውሃ አትለምንም ልጅቷ፤
የአዳማን ነፋስ ስትጠጣ ነው የሚርሰው አንጀቷ።

አስነሳኋት። ሳለች። ካንዴላዋን ሳልሰድብ ደግማ ሳለች፤
በሦስተኛው ጋቢናውን አንቀጥቅጣ «ደህና አደራችሁ?» አለች።
ፍሪሲዮኗ አኩራፊ ነው፤ ቀስ ይባላል፤
ሁለተኛ ማርሽ በልመና ይገባል፤ በጉልበት ከሆነ እጅ ይመልሳል።
መሪዋ ግን፣
መሪዋ ያወራል።
ጠጠሩን፣ ስንጥቁን፣ የባጃጅ ጎማ የሚውጠውን ጉድጓድ
ለመዳፌ ያንሾካሹካል፣ እንደ ሐሜት፣ እንደ ቅርብ ዘመድ።

ጋሽ ገመዳ ዓይኑን ጨፍኖ (ለነገሩ ቢገልጠውም ያው ነው)
መንገዱን በወገቡ ያነበዋል፤ «ይሄ የባቡር ሐዲዱ ነው።»
«ሸንኮራው ጀመረ፤ አየሩ ከበደ፣ እሷም ድምጿን አወፈረች፤
ሦስተኛ አድርጊላት፣ ልጄ፣ ደከመች።»

አንድ አመል አለባት፤ ወደ ቀኝ ትስባለች።
ሦስት ጊዜ ሥሯ ተኝቼ ወጣሁ፤ እሷ ግን መች ሰማችኝ፣ መች ተመለሰች።
«ዛሬስ አስተካክላታለሁ» አልኩት።
ዝም አለ። ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ መሪውን ሲይዝ አየሁት።
በወንጂ ቀጥታ መንገድ፣ ሸንኮራው ግራ ቀኝ ተገትሮ፣
እኔ እግሯ ሆንኩ፣ እሱ እጇ፤ አንድ ሾፌር በሁለት ሰው ተሰፍሮ።
አልሳበችም። እምላለሁ፣ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች፤
ሁለት ጣቱን ጠብታ ታህል ወደ ግራ ቢያዘነብል፣ ታዘዘች።
«አትጠግኛት» አለኝ። «ከፋብሪካው ስመለስ፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
እንቅልፍ ሲጥለኝ ወደ ቀኝ የምትጎትተኝ እሷ ነበረች፤ ቤቴን አውቃ።»

እኔ መካኒክ ነኝ። ቤት የምታውቅ መኪና የለችም።
ከፊት የሆነ ቦታ የተበላ ቡሽ አለ፤ ገና እጄ አልደረሰበትም።
ቁጥር አሥራ ሦስት ቁልፌን ግን ከኪሴ አላወጣሁም።

ስንመለስ ነፋሱ ከጎን መታን፤
መሪዋ መዳፌን አንድ ነገር ጠየቀ።
ጣቴን፣ ጠብታ ታህል፣ ወደ ግራ አድርጌ
መለስኩለት።