ራጂ ወጣሪ

ከቫልዴማር ጓሮ፣ ከዶሮ ቆጥ ሥር፣
አንዲት ትንሽ ሞተር፣ ሃምሳ ሲሲ ነገር፣
ዝጋ፣ ኩስ ለብሳ፣ ማቆሚያዋ ተሰብሮ፣
ተከራክሬ ገዛኋት፤ በሰማንያ ዩሮ።
«ባትነሳም እንኳ» አለኝ ሽማግሌው ሲሥቅ፣
«እንቁላል ታቅፋ ነው የኖረችው፤ አትናቅ።»

ሦስተኛ ፎቅ ነው ቤቴ። አሳንሰር የለም።
ኦርላንዱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆኜ፣
በቃሬዛ እንዳለ ሕመምተኛ ወጣች፣
በየደረጃው ላይ ዘይት ጠብ እያረገች።
ሞተሩ ወጥ ቤት ገባ፣ ከሽንኩርቱ ጎን፤
ቸርኬዎቹ አልጋ ሥር፤ ሰልባትዮው ግን
ሆምጣጤ ጠጥቶ፣ ዝገቱን ሊተፋ፣
መታጠቢያ ገንዳዬ ውስጥ ሦስት ቀን አንቀላፋ።
እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ሳልታጠብ ሥራ ሄድኩ፣
ሰላጣ ሰላጣ እየሸተትኩ።

ሐሳቤስ ሌላ ነበር፦ ማኑብሪዮው ዝቅ፣
ፓራፋንጎው ቁርጥ፣ ማርሚታው አጠር፣ ድምቅ፣
ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣
«የማን ናት?» እያለ ያየኝ ሁሉ እንዲዞር።
ግን በብርጭቆ ወረቀት ገላዋን ስፍቀው፣
ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴ፤ ከዚያም ሥር ያለው
የትምህርት ቤት ደብተር ሽፋን የመሰለ
ሰማያዊ፣ ፈዞም ያልሞተ፣ እዚያው ያለ።
ልቤ ተገለበጠ፤ መቁረጥ ኃጢአት ሆነ፤
መጋዙ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ኮት ሥር ተከደነ።
«ጥንት እንደነበረች!» አልኩ፤ አንዲት ብሎን እንኳ
ሳትለወጥ፣ እንደወጣች ከፋብሪካ።

አክስቴ ዲዮሊንዳ እዚያው ፋብሪካ፣ ከወንዙ ዳር፣
አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች ራጂ ስትወጥር።
የቀለሙን ቅርፊት በመሐረብ ጠቅልዬ፣
እንደ ክታብ ይዤ ሄድኩ፣ «መስክሪልኝ» ብዬ።
«ሰማያዊ?» አለች፣ መነጽሯን ገፋ አርጋ፣
«ቀይ ነበር ወጉ፤ ቀዩ አለቀ እንጂ ያን በጋ።
ከጎረቤት አልጋ ሠሪ በርሜል ተበደርን፤
ምን ምርጫ ነበረን? ያገኘነውን ቀባን።»

እንግዲህ የተሳለምኩት፣ በጨርቅ የጠቀለልኩት
የብረት አልጋ ትራፊ ነው፤ ጥንት ያልኩት።

በማግስቱ መጣች። ደረጃውን ሳትራገም
ወጣች፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አላውቅም ዓይኔም።
የኋላውን ቸርኬ ጉልበቷ ላይ አኖረች፤
የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ አስቀመጠች።
(ጆሮዋን ፋብሪካው ወስዶት ቀርቷል፤
ካሳ ብትጠይቅ፣ «አንሰማም» ብሏል።)
በጥፍሯ አንዱን ነካች፣ ደግሞ ቀጣዩን፣
እንደ ክራር ቃኚ፤ በጣት አጥንቷ ድምፁን
እየሰማች ዞረች፣ ሠላሳ ስድስቱን ሁሉ።
ቅንድቧ ተሰበሰበ።
«የኔ እጅ አይደለም።»
ዝም አለች።
«ኢዳሊና ናት። ታጠብቅ ነበር፤ ልክ አታውቅም።
እሷ አንዴ የያዘችው ዕድሜ ልኩን አይላላም።
ይኸው፣ በቀኝ በኩል፣ ወደሷ ያዘነብላል።»

ከአድማው ወዲህ አልተነጋገሩም።
ማን በር ላይ ቆመ፣ ማን አቀርቅሮ ገባ፣
እሱን እስካሁን ማንም አልነገረኝም።
አርባ ሰባት ዓመት። መሃላቸው
አንድ ድልድይ ነው።

የራጂ ቁልፉን ሰጠኋት፣ ልታላላው መስሎኝ።
ያዘችው። በመዳፏ መዘነችው።
መልሳ የኔ ኪስ ውስጥ ከተተችው።
«ተወው።»

ቀለሙ ቢጫ ሆነ፤ ከኦርላንዱ ጀልባ የተረፈው።
ፓራፋንጎው ከነጠባሳው፣ እንዳለ ተተወ፤
ማኑብሪዮው ግን ዝቅ አለ፣ እንዳማረኝ፤
ሴላውን ለሁለት ሰው አስረዘምኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃልኝ።
በዘጠነኛው ርግጫ ስላ፣ ስላ፣ ነፍስ ዘራች፤
የታችኛዋ ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ ደበደበች።

እሑድ። ዲዮሊንዳ ከኋላዬ፣ ቦርሳዋ በመሃል።
አደባባዩ ስንደርስ፣ ቤቷ በግራ በኩል ሳለ፣
ቀኝ ትከሻዬን በጣቷ መታ መታ አደረገች።
አልጠየቅኩም። ዞርኩ።
ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ላይ ሃምሳ ሲሲ ለሁለት አልበቃ፤
ወርዳ ጎን ጎኔ ሄደች፣ እያለከለከች፣
የኢዳሊናን እጅ እየረገመች፣
«አታላላም! ድሮም አታላላም!» እያለች፤
የኋላው ቸርኬም በዞረ ቁጥር
በአንዲት ፀጉር ውፍረት
ወደ ቀኝ።