ቁልፍ በቁልፍ

ከኩታይሲ ገበያ ጀርባ፣ ሦስት ደረጃ ወርዶ፣
አንድ ሱቅ አለ፣ ከጫማ ሰፊው ግድግዳ ጋር ተዛምዶ።
አራት መቶ አሥራ ሁለት መሳቢያ፣ ቁልፍ የሞላ፤
ላማራ በመካከሉ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።
ቁልፍ ስል የበር አይደለም፤ የካፖርት፣ የሸሚዝ፣ የቀሚስ፣
ባለ ሁለት፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ከቀንድ ከዛጎል እስከ ናስ።
በየመሳቢያው ፊት አንዷ ናሙና ተሰፍታ ትጠብቃለች፤
ላማራ ዐይኗን ጨፍና፣ ዳስሳ ታወጣለች።

እኔ ቫዣ ነኝ፤ የታመመ ኮምፒውተር አካሚ፣
በሰዓት ተከፋይ፣ ምክሬ ግን የማያልቅ፣ አንዱን ሦስቴ ደጋሚ።

በጥቅምት ጠራችኝ፤ «ብርዱ ሳይገባ ቶሎ ብለህ
ይህን ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ክተትልኝ፣ አንድ በአንድ ቆጥረህ።»
«ሁሉንም አይቁጠሩ» አልኳት፤ «ሁሉን የሚቆጥር ሱቅ አይከፍትም፤
ሳምንት በሳምንት የሚሸጠው ከአርባ ዓይነት አይበልጥም።
ከሱ ይጀምሩ። የቀሩት ይተኙ፤
ፈላጊ ሲቀሰቅሳቸው ያኔ መዝገብ ያግኙ።»

ደብተሯን ገለጥኩት፤ «የመበለት ጥቁር»፣ «የቄስ ሆድ»፣ «የዶሮ ዐይን»፣
«የማናና ካፖርት»፣ «የዝናብ ቀን ወይን»።
ሌላ መካሪ ቢሆን ቁጥር ይሰጣቸው ነበር፤
እኔ ግን፦ «በሚጠሩበት ስም ይጻፉ፤ መሣሪያው ይልመድ የሱቁን ነገር።»

ፋይሎቿ ግን! «አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»፣
ሰባት መጨረሻ ቆጠርኩ፣ አንዱም የለው መድረሻ።
«ከስሙ በፊት ቀን ይቅደም፤ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ዕለቱ፤
እንደ ዳቦ ወረፋ ራሳቸው ይሰለፋሉ፣ ማንም ሳይገፋ ከፊቱ።
ደግሞ ሦስት ቦታ ያኑሩት፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን ባቱሚ እህትዎ ዘንድ፣
አንዱን ደመና ላይ።» ሳቀች። «ደመና?
ልብሴን ከገመድ ላይ የሚያበሰብስ? እሱን አምኜ ልውደድ?»

የይለፍ ቃሉን ከመስኮቱ ግርጌ በወረቀት ለጥፋው ነበር፤
የውሻዋ ስም፣ አንድ ሁለት ሦስት፤ መንገደኛ የሚያውቀው ምሥጢር።
«ይቅደዱት፤ ይርዘም፤ ለእኔም እንኳ አይንገሩኝ።»
ዝም አለች። መርፌዋን አነሣች፤ በዐይኗ ወደ በሩ ሸኘችኝ።

የካቲት ላይ፣ ሌሊት፣ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈነዳ፤
ኮምፒውተሩ ውኃ ጠጥቶ ሞተ፤
ላማራ ስትሮጥ አዳልጧት ወደቀች፣ ክንዷ ተጎዳ።
ሐኪም ቤት ተኛች። ሰኞ የሚመጣው የቲያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ፣
ባለ ንስር የናስ ቁልፍ ሦስት መቶ ያዘዘ፣ ቀብድ ከፋይ፣ ተንሰፍሳፊ።
ስንት እንደከፈለ፣ ስንት እንደቀረ
መዝገቡ እንጂ ማንም አያውቅም፤ መዝገቡ ባቱሚ ታሽጎ አደረ።

እህቷ ቅጂውን ላከችው፤ በሌላ ማሽን ዘረጋሁ፤
«የይለፍ ቃል?» ይላል። በገዛ ምክሬ ተዘጋሁ።

ደወልኩ። «ሽርጤን» አለች፣ ማደንዘዣ ባከበደው አፍ፤
«ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ከግራ ጀምር፤ ጠርዙን ወደ ላይ እጠፍ።»
አጠፍኩት። በውስጥ በኩል ቁልፎች ተደርድረው ተሰፍተዋል፣
ቀንድ፣ ዛጎል፣ ናስ፣ እንጨት፤ አንዱ ካንዱ ቀለም ይጋጫል።
«የመጀመሪያው ምን ይመስላል?» «ጥቁር፣ ክብ፣ መሐሉ ያበጠ።»
«የቄስ ሆድ። ጻፈው። ቀጥሎስ?» «ቀይ፣ ጠርዙ የተቆረጠ።»
«የማናና ካፖርት።»
የዶሮ ዐይን፣ የዝናብ ቀን ወይን፣ የሱቁ ስሞች በተራ፤
ጣቴ ከጨርቁ ወደ ሰሌዳው፣ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ አመራ።

የመጨረሻው ቦታ ላይ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል።
ልቤ ወደቀ። «ላማራ፣ አንዱ ጠፍቷል!»
ሳቋ በስልኩ ተንከተከተ፣ ነርሷ እስክትቆጣት ድረስ፤
«እሱ ቃል አይደለም ልጄ፤ የሌባ ማሳቻ ነው፣ ተምታቶበት እንዲመለስ።
ተወውና አስገባ።» አስገባሁ። መዝገቡ ወለል አለ፤
ባለ ንስሩ፣ ቀብዱ፣ ቀሪው፣ ሁሉም አለ።

ስልኩን ልዘጋ ስል «ቫዣ» አለች፣ «ወለሉን ጥረግና ፈልጋት፣
የወደቀችውን። ሃያ ቴትሪ ታወጣለች፤ እርጥብ ከሆነች አድርቃት።»